ባለ ሽርጡ ውሃ ውስጥ የገባ ዕለት

ሐይቅ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቪዲዮ ቤታችን የነበረው ክፍል አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ፤ መጋረጃ የምንሰቅልበት ሽቦ አሁንም ከበሩ በላይ አለ። ጠጋኙ ቻርጀር አንጠልጥሎበታል።

"እማማ፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"ምንም። የሥራ ቦታዬን እያየሁ ነው።"

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

አልቀለድኩም። እዚያች በር ላይ ነው ያረጀሁት። ደሞዙን አላነሳውም፤ ለልጆቼ ሳሙናና ደብተር በቅቷል፣ ተመስገን። ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በካሴት ጀርባ ላይ ነው። "ካራቴ"፣ "ህንድ"፣ "ጦርነት" እያልኩ ስሞነጭር፣ መጀመሪያ አሳምሬ የጻፍኳት ቃል "ደም" ሆና አረፈችው። አጭር ስለሆነች ነው እንጂ እኔ ደም አልወድም። ዶሮ እንኳ ሰው ነው የሚያርድልኝ።

ባሌ ሲሞት ሁለት ልጆች ይዤ ከአምባሰል ገጠር ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ደርግ ከወደቀ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የሽምብራ ቆሎ እሸጥ ነበር። ከውስጥ ጩኸት ይሰማኛል፣ መጋረጃ ስላለ ግን ምንም አላይም፤ የማየው የሚወጣውን ሰው ፊት ነው። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ጋሽ ይማም አጠገቤ ቁጢጥ አሉና፣

"አንቺ፣ ይሄኛው ምን ዓይነት ፊልም ነበር?" አሉኝ።

"የሚያስለቅስ ነው። መጨረሻው ግን ደህና ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ዓይናቸው ቀልቷል፤ ቆሎ ግን እየገዙ ነው።"

በነጋታው ከነእንቅቤ ወደ ውስጥ ገባሁ። በረኛ ሆንኩ ማለት ነው።

ጋሽ ይማም በወጣትነታቸው ደሴ ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውቱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። አዲስ ካሴት ሲመጣ፣ ሕዝብ ከማየቱ በፊት ጠዋት በባዶው አዳራሽ ሁለት ጊዜ ያዩታል። መጀመሪያ እንደ ማንም ሰው በዓይናቸው። ሁለተኛው ላይ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ይሰጡና ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ በጆሯቸው ብቻ ይከታተሉታል። መጀመሪያ ሳይ ሰውየው አእምሮው ተነክቷል ብዬ ነበር።

"ሰው የሚደነግጠው በጆሮው ነው ውዴ" አሉኝ። "ዓይን ይከደናል። ጆሮ በምን ይከደናል?"

አይተው ሲጨርሱ ካሴቱ ላይ ክር ይታሰርበታል። ነጭ ክር ማንም የሚያየው ነው። ቢጫ የሚያስለቅስ። ቀይ ደም ያለበት። ክሩን የማስረው እኔ ነኝ፣ የሚያዙኝ እሳቸው። ከዚያ ማጫወቻውን ይከፍቱና ካሴቱን የሚያነበውን ትንሽ ብረት በጥጥና በአልኮል ይጠርጉታል። ሕዝብ ሲገባ ከማሽኑ ጎን ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጣታቸው ከድምፁ ቁልፍ አይለይም። ክፉው ቦታ ሊደርስ ሲል ድምፁን ቀነስ ያደርጉታል፤ ሰዉም አያውቅም። እኔን ደግሞ ከኋላ በሩ ጋ አቁመው፣ "አንቺ ፊልሙን አትዪ። ጀርባቸውን እዪ" ይሉኛል። ጀርባ አይዋሽም። የፈራ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ሊወድቅ ያለ ደግሞ አንገቱ ይላላል። እንዲህ ያለውን ቶሎ አውጥቼ ውሃ እረጨዋለሁ። በሰፈሩ ሬሳ ካለ ደግሞ ቤቱ አይሠራም፣ የገበያ ቀንም ቢሆን።

ስለዚህ ሰው በሩ ላይ ይጠይቀኛል። "እማ ውዴ፣ ልጁ ይሞታል?" "ይሞታል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው።" "ውሻው ነገር ይደርስበታል?" "ውሻው ደህና ነው፣ ግባ።" ጠዋት ከጋሽ ይማም ጋር ያየሁትን ነው የምነግረው። ሰው በእኔ ቃል ነበር የሚገባው። እንዲህ ስለው ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ባለ ሽርጡ። ስሙን ያወጣው የሐይቅ ወጣት ነው፤ እውነተኛውን የፊልሙን ስም አሁንም አላውቀውም። የቆዳ ሽርጥ ያገለደመ፣ ፊቱ የማይታይ ሰውዬ ነው፤ ሥጋ ቤት አለው። ሰው ይገባል፣ አይወጣም። ሜንጦ አለ፣ መጋዝ አለ፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። በመጀመሪያው ፊልም ራሱን የሳተ ሁለት ሰው አወጣሁ። በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው ሰዉ ለመደውና መሳቅ ጀመረ። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ስትገባ አዳራሹ በሙሉ፣ "ዙሪ! ኋላሽ ነው! አንቺ ደንቆሮ!" ይላታል። አንዱ ደግሞ ከወዲያ፣ "ተዋት ወንድሜ፣ እሷ መች አማርኛ ትሰማለች!"

ካሳው የሚባል ሥጋ ሻጭ ነበረን፤ ከፊት ወንበር አይጠፋም። ሥራዬ ብሎ ባለ ሽርጡን ሲተች ነው የሚውለው። "እዩት እዩት፣ ቢላ አያያዙን! እንዲህ ይዞ አንድ ሙክት አይበልትም! ደሙንስ እዩት፣ ቀለም እኮ ነው!" ይላል። ሰዉ ከፊልሙ ይልቅ በካሳው ይስቃል። ለፈሪዎቹ እሱ መድኃኒት ነበር።

የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ መሪጌታም ነበሩን። የተማሪዎቻቸው አለመገኘት አናድዷቸው ሊይዟቸው መጡና መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቆሙ። "ይሄ የአጋንንት ሥራ ነው" አሉ። ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ተማሪዎቹ በኋላ በር ወጥተው ሄዱ፣ እሳቸው አላዩም። በሳምንቱ መንገድ ላይ አገኙኝና ግራ ቀኝ ተመልክተው፣ "ውዴ፣ ያ ሰውዬ ግን ተያዘ ወይ?" አሉኝ።

አምስተኛው ላይ ባለ ሽርጡ ከነሥጋ ቤቱ ተቃጠለ። አበቃ አልን። ዓመታት አለፉ። ካሴት ቀረ፣ ዲስክ መጣ። የጋሽ ይማም ዓይን በስኳር በሽታ ደከመ፣ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ልጃቸው ዘንድ ውጫሌ ሊቀመጡ ሲሄዱ ቁልፉን እጄ ላይ አደረጉና፣ "ጠዋት እዪው" አሉኝ። እኔም ብዙ ዘመን ሳላጓድል አየሁ። ዱካውን ግን ትቼው ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር የማጫውተው፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይሆንም፣ በሩን ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ስድስተኛው የባለ ሽርጡ ፊልም የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ወሬው ከፊልሙ በፊት ደረሰ። የመጀመሪያውን በጎረምሳነታቸው ያዩ ሰዎች አሁን ጢማቸው ሸብቷል፤ ልጆች ወልደዋል።

"ተቃጥሎ የለም እንዴ!"

"ተቃጥሎ ነዋ የሚመጣው፣ ተናዶ!"

"እማ ውዴ፣ ለእኔ ከፊት ያዢልኝ፣ በነቢ ይሁንብሽ!"

በዚያው ሰሞን ሐይቁ እንድሪስን ወሰደው። እንድሪስና ሰኢድ ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እንድሪስ ንጋት ላይ መረቡን ሊያወጣ ብቻውን ገባ፤ ነፋስ ተነሣ፣ ታንኳው ተገልብጦ ዳር ወጣ፣ እሱ ግን አልወጣም። ሰኢድ ያን ጠዋት እንቅልፍ ጥሎት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ከተማ አብሮት ነበር፤ እየቆየ ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እሱና ሁለት ጓደኞቹ ቀሩ። የእንድሪስን ነጭ ፎጣ አጣጥፎ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር የሚዞረው። ሲገኝ የሚሸፍንበት ነው። ሬሳ ስላልወጣ ለቅሶው በወጉ አልተቀመጠም፤ እናቲቱም ደጅ ደጁን እያየች ነው። እኔም ግራ ገባኝ። ሬሳ ሲኖር ቤቱ አይሠራም። ሬሳው ካልተገኘስ? ይህን ጋሽ ይማም አልነገሩኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጋሁ፤ ከዚያ ከፈትኩ።

እንድሪስ በጠፋ በዘጠነኛው ቀን ገበያ ነበር። ዲስኩ ከደሴ በሚኒባስ ይመጣል የተባለው ከዋዜማው ነበር፤ የደረሰው ግን ገበያው ሞቆ፣ ሰው በሩ ላይ ተደርድሮ ነው። ሽፋኑን አየሁት። ሽርጥ፣ ሜንጦ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዉን መልሼ፣ "ነገ ኑ" እል ነበር። ያን ቀን ግን ልቤ፣ "ባለ ሽርጡን ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? አምስቱን ስንት ጊዜ አየሽው? ከሥጋ ቤቱ ወጥቶ አያውቅም" አለኝ። ቀይ ክሬን አወጣሁ። ሳላየው አሰርኩበት።

ሰዉ እየተጋፋ ሲገባ የሰኢድ ጓደኞች እሱን መሃል አድርገው መጡ። ትንሽ ይርሳ ብለው ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። በሩ ላይ ቆመና፣

"እማ ውዴ" አለኝ፣ "ውሃ አለበት?"

"የለበትም ልጄ። ሥጋ ቤት ነው። ግባ።"

ገባ። ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ከካሳው ኋላ ተቀመጠ። ፎጣው ከትከሻው አልወረደም።

ፊልሙ ሲጀምር የተቃጠለው ሥጋ ቤት ታየ። ሰዉ አጨበጨበ። ካሳው፣ "መጣ ያ ሞያ የሌለው!" አለ። ሳቁ። እኔም እንደተማርኩት ጀርባቸውን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ቆመ። ትከሻ አልወጣም፣ አንገት አልላላም፣ ሁሉም ጀርባ እንደ ግንብ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ጀርባ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ዞሬ ወደ ቴሌቪዥኑ አየሁ።

ሐይቅ ነው። ሰፊ ሐይቅ፣ ጠዋት፣ ዳር ዳሩ ቄጠማ። ባለ ሽርጡ ቤቱ ስለተቃጠለ ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠርቷል፤ ሜንጦውን በገመድ አስሮ ውሃ ውስጥ ይጥላል፣ ይጎትታል። የሚወጣውን አልጽፈውም። ያበጠ ነው። አንድ ብቻም አይደለም። ድምፁም አለ፤ ውሃ ከሰው ላይ ሲንጠባጠብ ያለው ድምፅ።

"ኧረ በነቢ!" አለ አንዱ። "እማ ውዴ፣ ዝጊው! ዝጊው!"

ልሂድ አልኩ። ማሽኑ ከፊት፣ እኔ ከበሩ፣ መሃሉ ወንበርና ጉልበት ነው። ዱካው ባዶውን ተቀምጧል። የድምፁ ቁልፍ ዘንድ ማንም የለም። ያን ጊዜ ዱካው ለምን እንደተሠራ ገባኝ።

ሰኢድ ተነሣ። ጮኸ ብዬ ልጻፍ ነበር፣ አልጮኸም። ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበለት። ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፣ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፣ ዘረጋው፣ ቴሌቪዥኑን ሸፈነው። ዳርና ዳሩን ጎተት ጎተት አድርጎ አስተካከለ፤ እግሩ እንዳይወጣ እንደሚደረገው። ብርሃኑ በፎጣው ውስጥ ይንቦገቦጋል፣ ድምፁ ግን ከሥሩ ቀጠለ። ካሳው ቆቡን አውልቆ ተንበረከከና የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ተቀመጡ። ገበያው ውጭ ይጮኻል፣ አህያ ያናፋል፣ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል።

ሰኢድ ሊወጣ ወደ በሩ ሲመጣ እኔ ዘንድ ቆመ።

"የለም ብለሽኝ ነበር እኮ እማ ውዴ።"

ይቺን ብቻ ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ውጫሌ ሄድኩ። ጋሽ ይማም ከልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና ሰላም ስላቸው፣

"ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም" አሉ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ክሩንም ሳልደብቅ። ሲያዳምጡ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር፣ እንደ ድሮው። ስጨርስ፣

"ጠዋት አየሽው?" አሉኝ።

"አላየሁትም።"

ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደ ድምፁ ቁልፍ አዞሩት። ከዚያ፣

"ፎጣው የት ነው?"

"ቴሌቪዥኑ ላይ። ላጥበውና ልወስድለት ብዬ ነበር።"

"አትንኪው። የሸፈነው እሱ ነው፣ የሚገልጠውም እሱ ነው። በሩን በየቀኑ ክፈቺ፣ ተቀመጪ። ቤቱ ግን አይሠራም።"

"ባይመጣስ ጋሽ ይማም?"

"እሱማ የእሱ ነው። አንቺ ግን በሩ ላይ ካልተገኘሽ መጥቶ እንደሄደ በምን ታውቂያለሽ?"

ተቀመጥኩ። ከአሥረኛው ቀን ከሰዓት ጀምሮ፣ አሥራ አንደኛውንም። ከዚያ አዳራሽ የነበሩት ወንዶች ብዙዎቹ ያለማንም ጥሪ ወደ ሐይቁ ወርደዋል። ካሳው ሥጋ ቤቱን ዘግቶ፣ መዋኘት የማይችለው ሰውዬ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ቄጠማ ቄጠማውን በዱላ ሲያስስ ይውላል አሉኝ። እኔ ከበሩ አልተነሣሁም። አላፊው ሁሉ፣ "ዛሬስ ፊልም አለ?" ይለኛል። "የለም" እላለሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስመለከት ያ ነጭ ነገር በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰው የተኛ ይመስላል። እግዜር ያውቃል፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ካየኋቸው ፊልሞች አንዱም እንደዚያ አላስፈራኝም። ሌላ ነገር አልፈራሁም፤ የፈራሁት ሰኢድ ሳይመጣ እንዳይቀር ነው። ወንድሙ ሳይገኝ፣ እኔም ቃሌን እንዳጎደልኩ፣ ያ ፎጣ እዚያው እንዳያረጅ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጣ። እስከ ወገቡ ርሷል፣ ጭቃ በጭቃ ነው። እያሳለ ቆመ።

"ፎጣውን" አለ።

ገባኝ፤ እንድሪስ ተገኝቷል። ከሐይቁ ማዶ ቄጠማ ስታጭድ የነበረች ሴት ናት ያገኘችው። ፈላጊዎቹ አይደሉም።

መጋረጃውን ገለጥኩለት። ገባና በፎጣው ፊት ትንሽ ቆመ። እጁ ጭቃ ስለሆነ ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሞከረ፣ ሱሪውም ጭቃ ነው። እኔን አየኝ። በአንድ ወገን ያዝኩ፣ በሌላው እሱ በጣቱ ጫፍ ያዘ፤ አንድ ላይ አነሣነው፣ አጠፍነው። ትከሻው ላይ አደረግሁለት። የጠቆረው መስታወት ላይ ሁለታችንም ታየን።

"ይቅር በለኝ ልጄ" አልኩት።

"አላህ ይቅር ይበለን።" ወደ በሩ ሄደና ቆመ። "እማ ውዴ፣ አላውቅም ብትይኝ አልገባም ነበር። ሌላ ጊዜ አላውቅም በዪ።"

ሄደ። በሩን ዘግቼ ተከተልኩት። ጀናዛው የዚያኑ ቀን ተቀበረ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ። መሪጌታ ከሩቅ ቆመው አገኘኋቸው። "ያ ሰውዬ በመጨረሻው…" ብለው ጀመሩና ራሳቸው አፍረው ተዉት። ያንን ዲስክ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ሐይቅ ከተማ ውስጥ የለም። ባለ ሽርጡ ይሙት ይዳን አናውቅም።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ ስልኩ ፊልሙን በየሰዉ ኪስ እስኪያስቀምጠው ድረስ። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለበሩ ሌላ ሰው ቀጠርኩ። ጠዋት ያላየሁትን ሲጠይቁኝ "አላውቅም" ነው የምለው። ጎረምሶቹ "እማ አላውቅም" ብለው ስም አወጡልኝ። ሰኢድም አንዳንዴ በዚያ ስም ነበር የሚጠራኝ፤ ሲጠራኝ ፈገግ ይል ነበር፣ ጥቂት።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተወተፈች። "እማ፣ የባለ ሽርጡ አዲሱ ወጥቷል እኮ! ሰባተኛው! ያስፈራል?"

"አላውቅም" አልኳት።

"እሺ አብረን እንየው።"

"ነገ ጠዋት" አልኳት። "መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ልየው። አንቺ በሩ ላይ ጠብቂኝ።"